ክሮስ ኮምፓይልን ማን ገደለው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። እኔም ጋ ደረሰ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ አንድ ዓይነት ማሽን ላይ ተቀምጦ ለሌላ ዓይነት ማሽን ኦፕሬቲንግ ሲስተም መገንባት፣ ማለትም ክሮስ ኮምፓይል ማድረግ፣ ጊዜው ያለፈበት ጣጣ ነው። ምክንያቱን ጸሐፊው በአምስት ከፍሎታል። ቦርዶች (እንደ ራስበሪ ፓይ ያሉ ባለ አንድ ሰሌዳ ትንንሽ ኮምፒውተሮች) ዛሬ ጉልበት ስላላቸው እዚያው ላይ መገንባት ይቻላል። ጉልበት ካነሳቸው አንዱን ማሽን በሌላው ላይ የሚያስመስለው ፕሮግራም፣ ኪዩኤምዩ፣ አለ። ክሮስ ኮምፓይል ሁልጊዜ ይበላሻል። ቢሳካ እንኳ ውጤቱ አይታመንም፣ ለዚህም ኦፕንቢኤስዲና ዴቢያን የሚባሉት ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ምስክር ናቸው። አምስተኛው ምክር ነው፦ ጀማሪ እንዳይነካው።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ጸሐፊውም ቦርድ አፍጥጦ ሲያይ ያነጋ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። ግን ጥፋቱን የጫነው ባልዋለበት ላይ ነው። እሱ የሚዘረዝረው ችግር አብዛኛው የሚመጣው የሚገነባው ማሽንና የሚያስኬደው ማሽን ሁለት መሆናቸውን ከረሳ ሶፍትዌር ነው። ይህን ሁለትነት ከመነሻው ያወቀ ሲስተም ላይ ክሮስ ኮምፓይል እንደማንኛውም ቢልድ (ግንባታ) ነው፤ ታዛለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ይወጣል። በየተራ ልሂድበት።

«ቦርዱ ራሱ ይበቃል»

ለራስበሪ ፓይ 5 ከሆነ አልከራከርም። 16 ጊጋ ራም ያለው ሞዴል ወጥቷል። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ከርነሉን፣ እዚያው መገንባት ጀምረህ ምሳህን በልተህ ትመለሳለህ። ጸሐፊው የሞከረው ይህንኑ ይመስላል፤ ከዚያ ተነስቶ ግን በሃርድዌር ሁሉ ላይ ፈረደ።

ኦፕንደብሊውአርቲን እንየው። ለራውተር የሚሆን ሊኑክስ ነው። በ2004 የተጀመረው ሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂ በሚባለው ሰማያዊና ጥቁር ራውተር ዙሪያ ነው፤ ባለሁለት አንቴናው፣ ታስታውሱት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች የነበራቸው 4 ሜጋባይት ፍላሽና 16 ሜጋባይት ራም ነው። ጊጋ አላልኩም፣ ሜጋ። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረውን ኮምፓይለር፣ ጂሲሲን፣ ራሱን የምታስቀምጥበት ቦታ የለም፤ የከርነሉን ሶርስ ኮድማ ተዉት። ለዚህ ሳጥን «እዚያው ገንባው» ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። የኦፕንደብሊውአርቲ መንገድ ሌላ ነው። ላፕቶፕህ ላይ ሜክ በሚባለው የግንባታ ትእዛዝ ሜክ ሜኑኮንፊግ ትላለህ፣ የፕሮሰሰሩን ዓይነት ትመርጣለህ፣ የራውተሩን ሞዴል ትመርጣለህ፣ ከዚያ ሜክ ብለህ ትተወዋለህ። ሲስተሙ መጀመሪያ የራሱን ክሮስ ኮምፓይለር ይሠራል፣ በሱ ከርነሉንና ፕሮግራሞቹን ይገነባል፣ መጨረሻ ላይ ራውተሩ ላይ የምትጭነውን ፋይል ያወጣልሃል። ዛሬም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ማሽኑ ገና ያልወጣ ሲሆን ነው። ሊኑክስ ለ64 ቢት አርም (ስልኮችና ቦርዶች ላይ ለተለመደው የፕሮሰሰር ዓይነት) ድጋፍ ያስገባው በ3.7 ከርነል ነው፣ በ2012 መጨረሻ። ባለ 64 ቢት አርም ፕሮሰሰር ይዞ የመጣው የመጀመሪያው ስልክ አይፎን 5ኤስ ነው፣ በ2013። ኮዱ ስልኩን ቀድሞታል። ታዲያ ያንን ከርነል ሲጽፉ የነበሩ ሰዎች በየትኛው «ቦርድ ራሱ» ላይ ይገንቡት? ለአዲስ ፕሮሰሰር ዓይነት የመጀመሪያው ኮምፓይለር፣ የመጀመሪያው ከርነል፣ የመጀመሪያው ሼል (ትእዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም) የግድ ከሌላ ማሽን መምጣት አለበት። ከየት ይመጣል ሌላ?

ዩኒክስ ራሱ የተወለደው እንዲህ ነው። በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ኬን ቶምሰን ለፒዲፒ-7 ኮምፒውተር ሲጽፍ መጀመሪያ የሚሠራው ጂኢ-635 በሚባል ሌላ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ውጤቱ በወረቀት ቴፕ ላይ ይበሳል፣ ቴፑ በእጅ ተይዞ ወደ ፒዲፒ-7 ይሄዳል፣ እዚያ ይሞከራል። አንድ ደቃቃ ከርነል፣ ኤዲተር፣ አሴምብለርና ሼል ከተሟሉ በኋላ ነው ፒዲፒ-7 ራሱን የቻለው። ጸሐፊው «የድሮ ዘመን ልማድ» የሚለው ነገር የሊኑክስም የማክም አያት የተሠራበት መንገድ ነው።

የድሮ አልወድም ካለ ደግሞ አሁን ኪሱ ውስጥ ይግባ። አንድሮይድ ስልክ ካለው፣ ሙሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ክሮስ ኮምፓይል የተደረገ ነው። ጉግል አንድሮይድን ከሶርስ መገንባት ለሚፈልግ ሰው የሚያስቀምጠው መስፈርት ባለ 64 ቢት ኤክስ86 (የተለመደው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ዓይነት) ኮምፒውተር፣ 64 ጊጋ ራምና 400 ጊጋ ባዶ ዲስክ ነው። ይህን ስልኩ ላይ ሞክሮ ውጤቱን ቢነግረን ደስ ይለናል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምናልባት እሱ ያለበት ቦታ ችግር ላይሆን ይችላል። ቦርድ ባትሪ የለውም። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰፈር ሰዓታት የሚወስድ ቢልድ ቦርድ ላይ መጀመር ድፍረት ይጠይቃል። ኃይሉ ሲቋረጥ የሚጎዳው ቢልዱ ብቻ አይደለም፤ እየተጻፈበት የነበረው ማይክሮ ኤስዲ ካርድም አብሮ ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፕ ግን መብራት ሲሄድ በባትሪው ይቀጥላል። ይህን ያህል ቀላል ነው።

«ኪዩኤምዩ ካለ ምን ጎደለ?»

ኪዩኤምዩን እወደዋለሁ። ፋብሪስ ቤላርድ በ2003 ካወጣው ጀምሮ ስንት ሰው ከመከራ አውጥቷል። ጸሐፊው የሚመክረው አሠራር ይሄ ነው፦ ኪዩኤምዩን በዩዘር ሞድ (ነጠላ ፕሮግራሞችን ብቻ በሚያስኬድበት መንገድ) ትጭናለህ፣ የሊኑክስ ቢንኤፍኤምቲ ሚስክ የሚባለው ዘዴ የአርም ፋይል ባየ ቁጥር ለኪዩኤምዩ እንዲሰጥ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ሙሉ የአርም ሲስተም አንድ ፎልደር ውስጥ አስገብተህ እዚያ ትገነባለህ። ይሠራል። ማንም አይሠራም አላለም።

ግን ውስጡ የሚሆነውን ልብ በሉ። ጂሲሲ የተባለው የአርም ፕሮግራም እያንዳንዷ ትእዛዙ ወደ ኤክስ86 እየተተረጎመች ይሮጣል፤ ሮጦ ሮጦ የአርም ኮድ ይጽፋል። ላፕቶፕህ ላይ በራሱ ቋንቋ፣ በሙሉ ፍጥነቱ የሚሮጥ ጂሲሲ ግን ያንኑ የአርም ኮድ በቀጥታ መጻፍ ይችል ነበር። ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ጊዜ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ አይደል? ለአንዲት ትንሽ ፕሮግራም ብዙም አይታወቅም። ለሙሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ግን ጠዋት ጀምረህ ለምሳ የምትጠብቀውን ነገር በማግስቱ ታገኘዋለህ።

ደግሞ ዩዘር ሞድ ውስጥ የአርም ፕሮግራም ከርነሉን ሲጠራ የሚመልስለት የላፕቶፕህ ከርነል ነው። ስለዚህ «ኪዩኤምዩ ላይ ሠራልኝ» ሲል የገነባውን ከርነል ሞከርኩ ማለቱ ከሆነ፣ አልሞከረም። ለዚያ ሙሉ ማሽን የሚያስመስለው ሲስተም ሞድ አለ። እሱ ግሩም ነው፦ ክሮስ ኮምፓይል ያደረግከውን ከርነል ቦርድ ከመንካትህ በፊት እዚያ ላይ ቡት አድርገህ ታየዋለህ። ለሙከራ እንጂ ለግንባታ አይደለም። ጽሑፉ ሁለቱን ቀላቅሏቸዋል።

«ሁልጊዜ ይበላሻል»

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ጸሐፊው እዚህ ጋ ነው ከልቡ የተማረረው፤ እውነቱን ለመናገር ኤረሮቹን አውቃቸዋለሁ፣ የፈጠራቸው አይደሉም። ግን አንድ በአንድ እንፍታቸው፤ ሁሉም የየራሳቸው ጥፋተኛ አላቸው።

የመጀመሪያው «ኤግዜክ ፎርማት ኤረር» ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው። አንድ ሶፍትዌር ሲገነባ መንገድ ላይ ትንንሽ ረዳት ፕሮግራሞች ይሠራና እዚያው ያስኬዳቸዋል፤ አንዱ ሰንጠረዥ ያመነጭለታል፣ ሌላው ፋይል ይለውጥለታል። የግንባታው መመሪያ፣ ሜክፋይሉ፣ የሚያውቀው አንድ ኮምፓይለር ብቻ ከሆነ፣ አንተ ያንን ኮምፓይለር በአርሙ ስትተካ ረዳቶቹም የአርም ይሆናሉ። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ አስኪዳቸው ሲባል እምቢ ይላሉ። በረዳቱ ላይ ፋይል የሚባለውን ኮማንድ ብትሰጥ «አርም ኤአርች64» ብሎ ፊት ለፊት ይነግርሃል፤ የት እንደተሳሳተ ለማወቅ ከዚህ በላይ ምርመራ አያስፈልግም። የሊኑክስ ከርነል ግን ይህን ከተወው ስንት ዓመቱ! ፊክስዴፕ፣ ሞድፖስት፣ ዲቲሲ የሚባሉትን ረዳቶቹን ሆስትሲሲ በሚባል ለይቶ ባስቀመጠው የላፕቶፕህ ኮምፓይለር ይሠራቸዋል፣ ከርነሉን ደግሞ በክሮስ ኮምፓይለሩ። ሁለት ማሽን እንዳለ ያውቃልና ሁለት ኮምፓይለር ያዘ። በቃ፣ ሚስጥሩ ይሄ ነው።

ሁለተኛው የኮንፊገር ስክሪፕት ኤረር ነው፦ ክሮስ ኮምፓይል እያደረግክ የሙከራ ፕሮግራም ማስኬድ አልችልም የሚለው። ስክሪፕቱ የሲስተሙን ጠባይ ለማወቅ ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ፣ ኮምፓይል አድርጎ፣ አስኪዶ ማየት ይፈልጋል። እዚህ ቢያንስ በግልጽ እምቢ ስላለ ሊመሰገን ይገባዋል፤ መልሱን አንተ አስቀድሞ በሚነበብ ቅንብር (ካሽ ቫሪያብል) ትሰጠዋለህና ይቀጥላል። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። የላፕቶፑን ባሕርይ ለክቶ የቦርዱ ነው ብሎ የሚጽፍ ስክሪፕት አለ፤ የደንበኛውን ትቶ የራሱን ወገብ ለክቶ ሱሪ እንደሚሰፋ ልብስ ሰፊ ማለት ነው። ይህ የስክሪፕቱ ጸሐፊ ጥፋት ነው።

ሦስተኛው ላይብረሪ ነው፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚጋሩት የተዘጋጀ ኮድ። ላይብረሪ ያለበትን ቦታ የሚናገረውን ፓኬጅ ኮንፊግን ዚሊብ የሚባለው ላይብረሪ የት አለ ብለህ ስትጠይቀው፣ ካልተነገረው በስተቀር የላፕቶፑን ይጠቁምሃል። የተገነቡትን ቁርጥራጮች የሚያገጣጥመው ሊንከር ይሄድና የኤክስ86 ፋይል ያገኛል፣ የማይስማማ ስለሆነ አልፌዋለሁ ብሎ ይጽፍልሃል፣ ቀጥሎ ላይብረሪው የለም ይላል። ሰው የመጨረሻዋን መስመር አንብቦ ላይብረሪውን ላፕቶፑ ላይ ደጋግሞ ይጭናል። ለውጥ የለም፤ ችግሩ ያ አይደለማ። መፍትሔው ሲስሩት ነው፦ የቦርዱ ሄደሮችና ላይብረሪዎች ያሉበት አንድ ፎልደር። ለኮምፓይለሩም ለፓኬጅ ኮንፊግም «ከዚህ ውጭ እንዳትመለከቱ» ትላቸዋለህ። ካልነገርካቸው ከየት ያውቃሉ?

አራተኛው ላይ ጸሐፊው ትንሽ አሳዝኖኛል። ፓይ ዜሮ ላይ ያስኬደው ፕሮግራም «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ወደቀበትና ይህን የክሮስ ኮምፓይል አለመታመን ማስረጃ አድርጎ አቀረበው። ፓይ ዜሮም የ2012ቱ የመጀመሪያው ፓይም ፕሮሰሰራቸው ኤአርኤም11 ነው፣ ማለትም አርምቪ6። የዴቢያንና የኡቡንቱ የ32 ቢት ሃርድ ፍሎት (የነጥብ ቁጥሮችን በፕሮሰሰሩ ሃርድዌር የሚያስኬድ) ኮምፓይለር ደግሞ ምንም ካላልከው የሚጽፈው ለአርምቪ7 ነው። ለፓይ የተዘጋጀው ራስቢያን ከዴቢያን ተለይቶ የተፈጠረበት ምክንያት እኮ ይኸው ነው። ፕሮሰሰሩ ያልተማረውን ትእዛዝ ሲሰጡት ወደቀ፣ ምን ያድርግ? ያንኑ የአርምቪ7 ፋይል ፓይ 2 ላይ በቦታው ገንብቶ ወደ ዜሮ ቢወስደውም ይወድቃል። አንድ ላይ አርም ብሎ መጥራት አይበቃም፤ የትኛው አርም፣ የትኛው ፍሎት አጠራር፣ የትኛው ሲ ላይብረሪ ብለህ መናገር አለብህ።

የሲ ላይብረሪውም (በሊኑክስ በብዛት ጂሊብሲ የሚባለው መሠረታዊ ላይብረሪ) ነገር ያው ነው። አዲስ ኡቡንቱ ላይ ገንብተህ አሮጌ ዴቢያን ያለው ቦርድ ላይ ስትወስድ «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ይልሃል። 22.04 ኡቡንቱ 2.35 ነው ያለው፣ ዴቢያን 11 ደግሞ 2.31። ሁለቱም ኤክስ86 ቢሆኑ፣ ክሮስ የሚባል ነገር ጭራሽ ባይኖር፣ ይህ ኤረር ይመጣል። እንዴት ሆኖ ክሮስ ኮምፓይል ላይ እንደተለጠፈ አልገባኝም።

እዚህ ጋ ጽሑፉ በአንድ መስመር ያለፈውን፣ ኔትቢኤስዲ የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላንሳ። «የቫክስ ሰብሳቢዎች ክበብ» ነው ያለው መሰለኝ። ሳቅኩ፣ ቀልዱ አሪፍ ነው፤ ግን መልሱ ያለው እዚያው ክበብ ውስጥ ነው። እነዚህ ሰዎች ቫክስን የመሰለ ዘገምተኛ የድሮ ማሽን ሲስተሙን በራሱ ይገንባ ቢባል ስንት ቀን እንደሚፈጅ ስለሚያውቁ፣ ነገሩን ሥር ነቀል በሆነ መንገድ ፈቱት። በ2002 ከወጣው ኔትቢኤስዲ 1.6 ጀምሮ ቢልድ ዶት ኤስኤች የሚባል አንድ ሼል ስክሪፕት ሶርሱ ውስጥ አለ። ሊኑክስ ላይ ሁን፣ ማክ ላይ ሁን፣ ሶርሱን አውርደህ ለየትኛው ማሽን እንደሆነ ትነግረዋለህ። መጀመሪያ ቱልስ ትለዋለህ፤ የራሱን ጂሲሲ፣ የራሱን ሊንከር፣ የራሱን ሜክ ሳይቀር ከዚያው ሶርስ ይሠራል። ከዚያ ሪሊዝ ትለዋለህ፤ ከርነሉን፣ ላይብረሪውን፣ ፕሮግራሞቹን፣ የሚጫነውን ኢሜጅ ያወጣል። የላፕቶፕህን ዕቃ የሚፈልገው ለመነሻ ብቻ ነው፦ ሼልና የሲና ሲ++ ኮምፓይለር። ከዚያ በኋላ አያምነውም፣ አይነካውም።

አንዲት ዝርዝር በተለይ ደስ ትለኛለች። የኦፕሬቲንግ ሲስተም ፋይሎች አብዛኞቹ ባለቤታቸው ሩት (ሁሉን የሚያዘው ዋና ተጠቃሚ) መሆን አለበት፤ ዴቭ ውስጥ ያሉትን የመሣሪያ ፋይሎች ለመፍጠርም ሩት መሆን ያስፈልጋል። ታዲያ ላፕቶፕህ ላይ ተራ ተጠቃሚ ሆነህ እንዴት ትገነባለህ? ማይነስ ዩ የሚለውን ምርጫ ስትጨምር ቢልድ ዶት ኤስኤች ባለቤትነትና ፈቃድ ለመቀየር አይሞክርም፤ ይልቅ «ይህ ፋይል ባለቤቱ እንቶኔ፣ ፈቃዱ ይህን ያህል» እያለ ሜታሎግ የሚባል የጽሑፍ ፋይል ላይ ይመዘግባል። መጨረሻ ላይ ሜክኤፍኤስ የሚባለው መሣሪያ መዝገቡን እያነበበ የዲስክ ኢሜጁን ይጽፋል። ማውንት የለም፣ ሱዱ (እንደ ሩት ማዘዝ) የለም። ላፕቶፕህም የቦርዱን ፋይል ስርዓት ማወቅ አይጠበቅበትም።

«ሁልጊዜ ይበላሻል» የሚል ሰው ይህን አንድ ጊዜ ሞክሮ ይምጣ። ያኔ ያዘጋጀው ክስ ወደየትኛው ሶፍትዌር መሄድ እንዳለበት ይገባዋል።

«ውጤቱ አይታመንም፤ ኦፕንቢኤስዲና ዴቢያን ምስክር ናቸው»

መረጃው ትክክል ነው። ኦፕንቢኤስዲ ሪሊዙን የሚገነባው እዚያው ማሽኑ ላይ ነው፤ ዴቢያንም ፓኬጆቹን በተለምዶ ክሮስ አያደርግም። ምክንያታቸውን ግን ጸሐፊው ከራሱ ጨመረበት።

የኦፕንቢኤስዲ ሰዎች ሐሳብ ማሽኑን መፈተን ነው። ሙሉ ሲስተሙን ራሱ ላይ የገነባ ማሽን ራሙም፣ ዲስኩም፣ ከርነሉም ከባድ ፈተና አልፈዋል። ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ፈተናው የሚመሰክረው ስለ ማሽኑና ስለ ከርነሉ ነው፤ ክሮስ ኮምፓይለር መጥፎ ኮድ ይጽፋል አላሉም። የዴቢያን ምክንያት ደግሞ ተራ ነው፦ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፓኬጆች አሏቸው፤ ብዙዎቹ ከላይ የዘረዘርኳቸው በሽታዎች አለባቸው፤ ብዙዎቹም ሲገነቡ ቴስታቸውን እዚያው ማስኬድ ይፈልጋሉ። ሁሉን እስኪያክሙ በቦታው መገንባት ይቀላቸዋል። አዲስ ፕሮሰሰር ሲመጣ ግን ዴቢያንም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን ፓኬጆች ክሮስ ከማድረግ ሌላ አማራጭ የለውም። በ2025 ዴቢያን 13 ላይ ከዋናዎቹ ጋር የተሰለፈው ባለ 64 ቢት ሪስክ-ፋይቭ ከባዶ ሜዳ የተነሳ ፕሮሰሰር ነው።

ኮዱ ራሱ ይለያል ወይ ለሚለው ደግሞ፦ አንድ ዓይነት ጂሲሲ፣ በአንድ ዓይነት ምርጫ፣ ለአንድ ዓይነት ታርጌት (የሚያስኬደው ማሽን) የሚጽፈው ኮድ በምን ላይ እንደተቀመጠ መለየት የለበትም። ለዚህ ብዙ ተደክሟል። ለምሳሌ ጂሲሲ በኮድህ ውስጥ ያለ የነጥብ ቁጥር ስሌት ቀድሞ ሲያሰላ የላፕቶፑን ፕሮሰሰር አያምንም፤ በሶፍትዌር ራሱ ያሰላዋል። ኔትቢኤስዲም በ2017 ለኤኤምዲ64ና ለስፓርክ64 ከአንድ ሶርስ ደጋግመህ ብትገነባ ባይት በባይት አንድ የሆነ ውጤት የሚያወጣ ቢልድ ላይ መድረሱን አስታውቋል። አለመታመን ይህ ከሆነ መታመን ምን ሊሆን ነው?

ጸሐፊው ግን አንድ ምሳሌ አቅርቧል፣ እሱን ማለፍ አይገባም። ላፕቶፕ ላይ ደህና የሚሠራ ፕሮግራሙ ክሮስ ኮምፓይል ተደርጎ ፓይ ላይ ሲሄድ ፋይሉን አንብቦ ይጨርስና አያቆምም፤ ይሽከረከራል። ኮዱን አላሳየንም፤ ምልክቱ ግን በጣም የታወቀ ነው። በሲ ቋንቋ አንድ ፊደል የሚይዘው ካር የሚባለው ዓይነት ኤክስ86 ላይ ምልክት አለው፣ ኔጌቲቭ ይይዛል። አርም ሊኑክስ ላይ ግን ምልክት የለውም፣ ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው። ፊደል በፊደል የሚያነበው ጌትካር የፋይሉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ኔጌቲቭ 1 ይመልሳል። ያንን ካር ውስጥ ካስቀመጥከው አርም ላይ 255 ይሆናል፣ 255 ደግሞ ከኔጌቲቭ 1 ጋር እኩል ሆኖ አያውቅም፣ ስለዚህ ሉፑ አያልቅም። መፍትሔው ካር የሚለውን ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ብሎ መጻፍ ነው፤ ማኑዋሉም የሚለው ይህንኑ ነው። ያንን ፕሮግራም ፓይው ራሱ ላይ ቢገነባውም አብሮ ይሽከረከር ነበር። ክሮስ ኮምፓይለሩ የተጻፈለትን ነው የጻፈው።

ከዚህ ምሳሌ ግን አንድ እውነት እወስዳለሁ፦ እውነተኛው ሃርድዌር ላይ ሳይሞከር ለሰው የሚሰጥ ነገር መኖር የለበትም። ላፕቶፕ ላይ ገንብቶ ቦርድ ላይ መሞከር እርስ በርስ አይጣሉም።

«ጀማሪ እንዳይነካው»

ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይበዛል ይባላል። የጀማሪውን ነገር ወሬ ነው የፈታው። ለመጀመሪያ ጊዜ ክሮስ ኮምፓይል ለማድረግ ከሁሉ የሚቀለው ነገር፣ ይገርማችሁ፣ የሊኑክስ ከርነል ነው። ምክንያቱም ከርነል ሲ ላይብረሪ አይፈልግም፣ ሲስሩት አይፈልግም፣ ኮንፊገር የሚባል ስክሪፕት የለውም። ከላይ የዘረዘርኳቸው ኤረሮች አብዛኞቹ እዚህ ደጃፍ አይደርሱም።

ለፓይ 4 ከሆነ፦ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ላይ የኤአርች64 ጂሲሲን ከፓኬጅ ትጭናለህ። የራስበሪ ፓይን ከርነል ሶርስ ታወርዳለህ፤ ዴፕዝ 1 በለው፣ አለበለዚያ የዓመታት ታሪኩን ሁሉ ያወርድና ዳታህን ይጨርሰዋል። ከዚያ ለሜክ ሁለት ነገር ትነግረዋለህ፦ አርች የሚለው አርም64፣ ክሮስ ኮምፓይል የሚለው ደግሞ የኮምፓይለሩ ስም መነሻ፣ መጨረሻው ላይ ካለችው ሰረዝ ጋር። ሰረዟን ከረሳሃት ስሙና ጂሲሲ የሚለው ተጣብቀው በዓለም ላይ የሌለ ኮማንድ ይፈልጋል። መጀመሪያ ቢሲኤም2711 ዴፍኮንፊግ፣ ቀጥሎ ኢሜጅ፣ ሞጁልስ፣ ዲቲቢስ። አለቀ።

የሚያደናቅፉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ጸሐፊው ከሚያስፈራራ እነዚህን ቢነግር ይሻል ነበር። አርች የሚለውን በየሜኩ መድገም አለብህ፤ ለሜኑኮንፊግ ረስተኸው ከገባህ ሜክ ኤክስ86 ነው የምትፈልገው ብሎ ኮንፊግ ፋይልህን ያበላሸዋል። ሞጁሎቹን ስትጭን ኢንስቶል ሞድ ፓዝ የሚለውን ወደ ካርዱ ማመልከት አትርሳ፤ ከረሳህና ሱዱ ካልክ የአርም ሞጁሎች የላፕቶፕህ ሊብ ሞጁልስ ውስጥ ይገባሉ። የነበረውን ከርነል8 ኢሜጅ ሳትሰርዝ አዲሱን በሌላ ስም አስቀምጥና ኮንፊግ ዶት ቴክስት ላይ ስሙን ጻፍ፤ ካልተነሳ አንዲቷን መስመር መመለስ ብቻ ነው። ማክ ላይ ወይም የዊንዶውስ ሲ ድራይቭ ላይ ሶርሱን አታስቀምጥ፤ ከርነሉ ውስጥ በትልቅና ትንሽ ፊደል ብቻ የሚለያዩ የፋይል ስሞች አሉ፣ እነዚያ ዲስኮች ደግሞ በተለምዶ አይለዩዋቸውም፣ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። ቦርዱ ጭራሽ ድምፁን ካጠፋ ደግሞ ኮምፓይለሩን ከመጠርጠርህ በፊት የሃርድዌሩን ዝርዝር ለከርነሉ የሚነግረው ዲቫይስ ትሪ ፋይል የዚያው ቦርድ መሆኑን እይ፣ ሲሪያል ገመድ ካለህም ሰክተህ ምን እያለ እንደሞተ አንብብ።

ጸሐፊው የራሱን የመጨረሻ ሙከራ ሲተርክ «ብዙ ቀይ ጽሑፍ መጣ» ብሎ ነው የተወው። ሙሉ ሎጉን ቢያወጣው አብረን እናየው ነበር። ሲልክ ግን ሜክ በብዙ ኮር ሲሮጥ ሥራዎቹ ስለሚደበላለቁ መጨረሻ ላይ የሚታየው መስመር የችግሩ ምንጭ ላይሆን ይችላል፤ በጄ 1 (በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ) ደግሞ ያስኪደውና የመጀመሪያውን ኤረር ይላክልን።